ተሰማ እሸቴንና ልጃቸውን የትኛው ሳጥን ውስጥ እናስገባ?

ቁጥር፦ የለውም
ጉዳዩ፦ አራት ሳጥን ያልበቃውን አንድ ቤተሰብ ይመለከታል

ለሚመለከተው ሁሉ፣

«ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማንንም እንደማይመለከት አውቃለሁ። ቢሮ ለቢሮ ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልዘርዝር። የተማሪ መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ በሬዲዮ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም የምታቀርቡ፣ ስታዲየም የምታድሱ፣ ለመንገድና ለአደባባይ ስም የምታወጡ፣ ሙዚየም የምታደራጁ፤ እናንተን ነው። ሌላ ሰው ቢያነበውም አይከፋኝም።

ነገሩ የተነሳው ከቤት ሥራ ነው። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። በቀደም አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ አራት ሳጥን ተሰምሯል፤ «ኪነ ጥበብ»፣ «ሥነ ጽሑፍ»፣ «ፖለቲካ»፣ «ስፖርት»። ትእዛዙ «በታሪክ የታወቁ ሰዎችን በየቦታቸው ጻፉ» ይላል። እሷ ስፖርት ላይ አበበ ቢቂላንና ኃይሌን፣ ኪነ ጥበብ ላይ አፈወርቅ ተክሌን፣ ሥነ ጽሑፍ ላይ ሐዲስ ዓለማየሁን፣ ፖለቲካ ላይ አፄ ምኒልክን ጻፈች። አለቀ። ከዚያ እኔ ገባሁበት።

«አባዬ፣ ሌላ ማን ልጨምር?»

«ይድነቃቸው ተሰማ።»

«የት?»

«ስፖርት ላይ።» ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ደግሞ «አባታቸውም ኳስ ተጫዋች ነበሩ?» አለችኝ።

«አይ፣ አባታቸው እንኳ ዘፋኝ ነበሩ። ማለቴ ገጣሚ። መኪናም ይነዱ ነበር። ነጋድራስ ናቸው። የልጅ ኢያሱም ወዳጅ...»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ ሞኙ ደግሞ «እንግዲያው አራቱም ሳጥን ላይ አግድም የተሰማ እሸቴ ቤት ብለሽ ጻፊው» አልኳት። ልጅ ናት፣ አባቷን ታምናለች፣ ጻፈች። በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበት መጣ። ከአሥር ሰባት። እናቷ እስካሁን «ያንተ ሦስት ማርክ» እያለች ትስቅብኛለች።

መምህሯን አልወቅስም። ስልሳ ልጅ የሚያስተምር ሰው የእያንዳንዱን አባት ፍልስፍና ሊያርም አይችልም። ሳጥኑ ግን ከሰማይ አልወረደም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ቢሮ፣ የሆነ ሰው ሠርቶታል። እኔም ለዚያ ሰው ነው የምጽፈው። ከመናደዳችሁ በፊት ግን ይህን ቤተሰብ ላስተዋውቃችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ በኛ አቆጣጠር ነው፤ «በነሱ ስንት ነው» እያላችሁ አታስቸግሩኝ።)

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ምንጃር ተወለዱ። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች አንዱም ሆኑ። 1900 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባን አስቡት። መኪና ገና ሲገባ ነው። ሰው ያለ ፈረስ የሚሄደውን ጋሪ አፉን ከፍቶ ያያል። ዕቃው መጣ እንጂ የሚነዳውና ሲበላሽ የሚጠግነው ሀበሻ የለም። ተሰማ ይህን ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ተላኩ። ዛሬ ቢሆን «የአጭር ጊዜ ሥልጠና» እንለው ነበር። ሰልጣኝ ደግሞ ሥልጠናው ላይ ብቻ አይውልም፤ ታውቁታላችሁ። እሳቸውም ከመኪናው ጎን ሌላ ሥራ ሠሩ። ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከዚያ በፊት ምኒልክና ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ መልእክት ልከዋል። ያ ግን የቤተ መንግሥት መልእክት ነው። ዘፈን ዘፍኖ፣ ሸክላ ላይ አስቀርጾ፣ ሰው ገዝቶ እንዲሰማው በማድረግ ተሰማ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ይህ የሆነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሬዲዮ የለም፣ ክለብ የለም፣ ባንድ የሚባል ነገር በሰልፍ ከሚነፋው ጥሩምባ አያልፍም። ያ ድምፅ መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም አለ፤ በሲዲም ታትሟል። እኔ የሰማሁት ጓደኛዬ ስልኬ ላይ ልኮልኝ ነው። ይንሿሿል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዓይነት ድምፅ አለው። ከዚያ ውስጥ የሰው ድምፅ ይወጣል፣ ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይፈራ። ለሦስት ቀን እሱን ብቻ ነው የሰማሁት።

አሁን የሳጥኑ ችግር እዚህ ይጀምራል። ተሰማ በሙያ አዝማሪ አይደሉም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን ደግሞ «አዝማሪ» ማለት ሙያ መጥራት ብቻ አልነበረም፤ ስድብም ነበር። በሰርግ ይጠሩታል፣ ያስቁታል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፉለታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ሹመት የሚጠብቅ ሰው ማሲንቆ ይዞ በዓለም ፊት መዝፈኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ቅኔያቸውም ሌላ ጉድ ነው፤ በሰምና ወርቅ የታወቁ፣ በቆሙበት ግጥም የሚፈጥሩ ሰው ነበሩ። እሱን ኪነ ጥበብ እንበለው ወይስ ሥነ ጽሑፍ? ዜማ አለው፣ ማሲንቆ አለው፣ ግጥሙ ደግሞ ከዜማው የሚከብድ ነው። ሳጥን ሠሪዎች እባካችሁ መልሱልኝ።

ፖለቲካውስ? ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ላይ ሳሉ ተሰማ ከቅርብ ሰዎቻቸው አንዱ ነበሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። በዚህ አገር ጌታ ሲወድቅ ወዳጁ ቆሞ አይቀርም። የተሰማም ነገር ከዚያ በኋላ እንደ ፊቱ አልሆነም።

«ዘፈንና ፖለቲካ ምን አገናኘው» የሚል ሰው አይጠፋም። ግራዚያኒ ያውቅ ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ተሰብስበው ይገደሉ ብሎ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ነበሩበት። ጠመንጃ ያልያዘን ባለ ማሲንቆ ገደለ። ምክንያቱም በየመንደሩ እየዞረ ጣሊያንን በግጥም የሚያፈርሰው እሱ ነበር። ያ ጨካኝ ሰው ዘፈን ፖለቲካ መሆኑ ገብቶት ሳለ የአምስተኛ ክፍል ወረቀት ላይ ሁለቱ በመስመር ተለያይተው ቁጭ ብለዋል።

ወደ ልጁ ልሂድ፤ ዋናው ብሶቴ እሱ ጋ ነው።

ይድነቃቸው ተሰማ ጅማ ተወለዱ፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.። አዎ፣ በእንቁጣጣሽ። የሞቱት ደግሞ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ በቡሄ። የአበባ ቀን ገብተው የችቦ ቀን ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር ልቦለድ ውስጥ ቢጻፍ «ደራሲው አበዛው» እንላለን።

በ1928 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ የጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ናቸው። ብዙ ወር ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የጣሊያን ሕግ ሀበሻና ፈረንጅ አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጋጠሙ ይከለክላል። ብትሸነፍም ብታሸንፍም ከእሱ ጋር እኩል ቆመሃል ማለት ነውና፣ እሱን ነው የፈራው። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ኳስ «ጨዋታ ብቻ» ነው ቢሉት እንዴት ያምናል? እኔ የፈረሰኞቹ ደጋፊ ስለሆንኩ አዳላሁ ይባል ይሆናል። ላዳላ። ቡናዎችም ቢሆኑ ይህን ታሪክ አይክዱትም።

ደግሞ አባትየው «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደተሸከሙ ልጅየውም የራሳቸውን ቃል ተሸክመዋል። ኳስ ተጫዋች ማለት በዚያን ጊዜ፣ እንዲያውም በኔ ልጅነት ጊዜም ቢሆን፣ ዱርዬ ማለት ነበር። ጨርቅ ኳስ ይዤ ስገባ አያቴ «ሥራ ፈት!» ብላ በኩበት ነበር የምትወረውረኝ። ያ ቤት ሁለት የተናቀ ሙያ ይዞ ሁለት ጊዜ አገር አስጠራ። እኔ ሳጥኖቹን የምጠላበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። በሳጥን ከፋፍላችሁ ስታስቀምጡት አባትና ልጅ አይገናኙም። የማሲንቆው ቤት የኳስ ቤት መሆኑ አይታይም። ልጅየው የአባታቸውን ቅኔዎች ሰብስበው ለኛ ማቆየታቸውም አይታይም። የአፍሪካን እግር ኳስ 15 ዓመት የመራ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የአባቱን ሰምና ወርቅ ሲለቅም አስቡት እስቲ። የትኛው ሳጥን?

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲመሠረት አራት አገሮች ናቸው የተቀመጡት፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ናቸው። ወዲያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተዘጋጀ። ኢትዮጵያ የደረሳት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነው። ደቡብ አፍሪካ «ወይ ሙሉ ነጭ ቡድን እልካለሁ፣ ወይ ሙሉ ጥቁር፤ ቀላቅዬ ግን አልክም» አለች። እንዲያ ከሆነ አትመጪም ተባለች። ኢትዮጵያ በፎርፌ ፍጻሜ ገባች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ሽንፈቱ አያኮራም። ግን አስተውሉ፤ የዓለም እግር ኳስ ገና «እናስብበት» እያለ ሳለ ገና የተወለደ የአፍሪካ ድርጅት በመጀመሪያው ውድድሩ አፓርታይድን ከበር መልሷል። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ያገደው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ደግሞ እግዱን አነሳ፣ ደግሞ መልሶ ጣለ፣ ጨርሶ ያባረራት በ1968 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚያ ሁሉ ስብሰባ ላይ እየተነሱ ከሚናገሩት አፍሪካውያን ግንባር ቀደሙ ይድነቃቸው ነበሩ።

ከዚያ መካከል ዋንጫው መጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ሚካኤልም ገብቶ፣ በማግስቱ። ከተማው ገና ከበዓል አልወጣም። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ናቸው። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈናል። ፍጻሜው ከግብፅ ጋር ነው፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ያው ግብፅ፣ ያው 4 ለ 0 የሸኘችን። መጀመሪያ አገቡብን። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ሕዝቡ ጮኾ ሳይጨርስ በ75ኛው መልሰው አገቡ። አባቴ ይህን ሲያወራ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትንፋሽ ይወስድ ነበር፤ ካቲካላውንም ይቀዳ ነበር። 84ኛው ላይ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። ጭማሪ ሰዓት። ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ 117ኛው ደቂቃ ላይ አራተኛውን። 4 ለ 2። ዋንጫውን ጃንሆይ ሰጡ፣ ሉቻኖ ተቀበለ።

ሉቻኖ ማን ነው? አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። ጣሊያን የዘር ሕግ ባወጣበት ዘመን በልጅነቱ የትም የማይፈለግ ልጅ ነው። በዚያው ሕግ ሥር ያደገ አሰልጣኝ የሚመራው ቡድን ደግሞ ይህንኑ ልጅ አምበል አድርጎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ። ኋላ በደርግ ጊዜ ሉቻኖ ከአገር ሸሽቶ ጣሊያን ኖረ፤ እዚያው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተ። ሲሞት እኛ ሰፈር ካሉት ወጣቶች ስሙን የሚያውቅ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እሱም ዊኪፔዲያ ላይ አይቶ ነው።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ በአእምሮዬ የሚመላለስ ነገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ የሞቱት በ1957 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ልጃቸው ዋንጫ ሲያመጡ በሕይወት ነበሩ፤ የ85 ዓመት ሽማግሌ። በምኒልክ ዘመን ድምፁን ሸክላ ላይ ያስቀመጠ ሰው የልጁ ቡድን ሲያሸንፍ በከተማው ውስጥ የሚሰማውን ጩኸት ሊሰማ የሚችልበት ዕድሜ ላይ ነበር። በቃ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ልተርክ አልችልም። ግን በየጊዜው ትዝ ይለኛል።

አሁን 1958ን አስታውሱ፤ እንግሊዝ ላይ የተደረገውን የዓለም ዋንጫ። ፊፋ ለአፍሪካ ቀጥታ ቦታ አልሰጠም። አፍሪካ፣ እስያና ኦሽንያ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተጋጭተው አንድ ቡድን ይላኩ ተባለ። አውሮፓ አሥር። ጋናዊው ኦሄኔ ጃንና የኛው ይድነቃቸው ይህ አይሆንም አሉ፤ የተመዘገቡት የአፍሪካ ቡድኖችም ተያይዘው ወጡ። ፊፋ ቀጣቸው። ሰው ሳቀባቸው ይሆናል፤ ገና ማን ያውቃችኋል ተብለው ይሆናል። በሚቀጥለው ግን፣ በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ሁለት ሆነ። ካሜሩንና አልጄሪያ ሄዱ፤ አልጄሪያም ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች። ያን ጊዜ የካፍ ፕሬዚዳንት ይድነቃቸው ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት ቀን። በ2015 ሞሮኮ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ሰፈራችን ያለው ቤት ሁሉ ጮኸ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው ወንበር ላይ ወጣ። በ2018ቱ ዓለም ዋንጫ ደግሞ የአፍሪካ ቀጥታ ቦታ ዘጠኝ ደርሷል። ዘጠኙም ወንበር ላይ ያ የእምቢታ ደብዳቤ ተቀምጧል። እኛ ግን «ይድነቃቸው ማን ነው?» ሲባል «የድሮ ኳስ ተጫዋች» እንላለን፤ ስፖርት ሳጥን ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ ቦታ ከተረፈ።

እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ፖለቲካና ስፖርት ሲገናኙ ሁልጊዜ ጥሩ ነገር አይወጣም። ምሩፅ ይፍጠርን ጠይቁ ልል ነበር፤ ነፍሱን ይማር። በ1968 ሞንትሪያል ላይ ኒውዚላንድ ራግቢ ልትጫወት አፓርታይድ ወዳለበት ደቡብ አፍሪካ በመሄዷ አፍሪካ አድማ ስትመታ ማርሽ ቀያሪው ሳይሮጥ ቀረ። ጉልበቱ ላይ እያለ ነው። አድማው ትክክል ነበር፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ሯጩ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም አመጣው እንጂ ቀርቶ ይቀር ነበር። ይህም ለልጆች መነገር አለበት። በሳጥን ስትከፋፍሉት ግን ምሩፅ ለምን ሞንትሪያል እንዳልነበረ ማስረዳት አትችሉም። «በግል ምክንያት» ልትሉ ነው?

ይህ ቤት ብቻውን እንዳይመስላችሁ። ከንቲባ ገብሩ ደስታን ውሰዱ። በ1911 ዓ.ም. አሜሪካ ከተላከው የመጀመሪያ ልዑክ አንዱ ናቸው። ልጃቸው ስንዱ ገብሩ ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በጣሊያን ጊዜ አዚናራ ደሴት ታስረው፣ ሲመለሱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተው፣ ተውኔት ጽፈው፣ በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እህታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው፤ ያቺ ፒያኖ፣ ያ ሁሉ ዓለም «ይህ ሙዚቃ ከየት መጣ» ያለበት። ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። እነሱን የት አስገባቸው? የልጄ ወረቀት ላይ ግን ሴት የሚባል አንድም ስም አልነበረም፤ ይህን ያየሁት ኤክሱ ከመጣ በኋላ ነው፣ ለሦስቱ ማርክ ስናደድ። እኔም አንዲት ሴት አላስታወስኩላትም። ጥፋቱ የኔም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ አርበኛ ነበሩ፣ ጣሊያን ታስረዋል፣ ዲፕሎማት ሆነዋል፣ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ልጄ «ሥነ ጽሑፍ» ላይ ጽፋቸው ሙሉ ማርክ አገኘች። አበበ ቢቂላም ከሮም በተመለሰ በጥቂት ወር የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ውስጥ ስሙ ተነስቶ ታስሮ ተፈትቷል። የወታደር ነገር። ከመኪና አደጋው በኋላ ደግሞ ዊልቸር ላይ ሆኖ ቀስት ወርውሯል። ይህን የነገርኳት ቀን ልጄ ከሩጫው ይልቅ ቀስቱን ወደደችው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ፤ ጥያቄ የሌለው ደብዳቤ ለቅሶ ነው።

መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ሳጥኑን አፍርሱልን። ሳጥን ካማራችሁ ግን ሌላ ሳጥን ሥሩ። ለምሳሌ «ቤት» በሉት። በአንድ ቤት ውስጥ ማን ምን ሠራ ብላችሁ ጠይቁ። ልጆች ቤት ይገባቸዋል፤ «ዘርፍ» የሚለውን ቃል ግን እኔም እስካሁን አልገባኝም። ልጁ የራሱን ቤት መጻፍ ይችላል፤ አያቱ ሸማኔና የዕድር ጸሐፊ ከነበሩ እነሱን ይጻፍ። ማረሚያው ለመምህሯ ቀላል አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን ስልሳ ተመሳሳይ ወረቀት ከማረም አይሻልም?

ስታዲየሙን የምታድሱ ሰዎች፣ ከለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ ስንሄድ የታክሲ ረዳት «ስታዲየም አለ! ስታዲየም!» ነው የሚለው። የይድነቃቸው ተሰማ ስታዲየም እያሉ የሚጠሩትም አሉ። ስሙ ምንም ይሁን፣ ረዳቱን አልለውጠውም፤ በዓለም ላይ የታክሲ ረዳትን ያሸነፈ ቢሮ የለም። የምለምነው አንድ ግድግዳ ነው። ስለ ወንበሩና ስለ ጣሪያው ብዙ አወራችሁ፤ እሺ፣ ይሁን። አንድ ግድግዳ ግን ስጡን። የ1954ቱ ቡድን ስሞች ይጻፉበት፤ የቫሳሎ ወንድማማቾች ስም ሳይደበቅ፣ ከነጣሊያንኛው። ከጎኑ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ይንጠልጠል። ልጁ ጆሮው ላይ ሲያደርገው የአሰልጣኙ አባት ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ይዘፍኑለት። ኳስ ሊያይ መጥቶ ማሲንቆ ሰምቶ ይግባ። ይህ ስንት ያስወጣል? የአንድ የክብር እንግዳ ሶፋ አያህልም።

ሬዲዮ የምታቀርቡ ልጆች፣ እናንተን በጣም ነው የምሰማችሁ፤ ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ ከእናንተ በቀር ጓደኛ የለኝም። «የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ግብ ማን አገባ?» ብላችሁ የሞባይል ካርድ ትሸልማላችሁ። ጥሩ ነው። አንድ ቀን ግን ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ መቅጃ ይዛችሁ ሽማግሌ ቤት ሂዱ። ያን ዕለት ስታዲየም የነበረ ጎረምሳ አሁን ሰማንያ ገብቷል። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ያን የ75ኛ ደቂቃ ትንፋሽ እኔ እዚህ በጽሑፍ ልነግራችሁ ሞከርኩ፤ አልሆነም፣ አልቀዳሁትማ።

መንገድ የምትሰይሙ፣ ሳር ቤት ፑሽኪን አደባባይ አለን። ባለቅኔ ነው፣ በቅድመ አያቱ በኩል ዘራችን ነው እንላለን፣ ደስ ይለኛል። ምንጃራዊውም ባለቅኔ ግን አንድ ጥግ አይነፈጉ። ጋራዥ ያለበት መንገድ ብትሰጧቸው እንኳ አይቀየሙም፤ መካኒክ ነበሩ።

መልስ በጽሑፍ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። «ደብዳቤዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚለውን ግን ተዉት፤ እሱ አለኝ፣ ከዚህ በፊት በሌላ ጉዳይ ስድስት ተሰጥቶኛል፣ በፋይል አስቀምጫለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ሦስት ማርክ የተቀነሰባት ልጅ አባት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአምስተኛ ክፍል መምህሯ (ይቅርታ በመጠየቅ)
ለስታዲየም መስመር ታክሲ ረዳቶች (ለመረጃ ያህል)
ለእናቷ (ሳቁ ይብቃ)